ተቀምጦ መስማት

መክሊት ባሏ ከሞተ በኋላ ክስ የመሠረተችው በጩኸት ነው። ሌላ የሚመረጥ ምን ነበርና! ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ያለው የክስ መቀበያ ማሽን «ጉዳይዎ ስለ ምንድን ነው?» ይልና ይደረድራል፦ የውኃ ፍሳሽ፣ የበር መዘጋት፣ የቤት እንስሳ፣ ሽታ፣ ጩኸት። የሞተ ሰው ድምፅ የሚል የለም። እሷ «የባሌ ድምፅ» ባለችው ቁጥር እሱ «አልገባኝም፣ እባክዎ ይድገሙ» ይላታል። ከኋላችን ወረፋው ማጉረምረም ሲጀምር እኔው እጄን ዘርግቼ ጩኸት የሚለውን ነካሁላት። ከፋት። «ናሆም ጮኾ አያውቅም» አለችኝ፣ እስከ ቤታችን ድረስም አላናገረችኝም።

እኔ ፌቨን እባላለሁ። ከመክሊት ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፣ እሱም ቢሆን ስታስነጥስ «ይማርሽ» የሚያስብል ግድግዳ ነው። ከድሮው ሰፈር ጀምሮ አብረን አለን። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ ፎቅ ያመጡንም በአንድ መኪና ነው። ስለዚህ የምናገረውን አይቼ ነው የምናገረው፣ ሰምቼ አይደለም።

ባሏ ናሆም የእድራችን ለፋፊ ነበር። የዛሬ ልጆች እድር የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ነው የሚያገኙት፤ በእኛ ጊዜ ግን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው እድር ነበር። ማን እንደሞተ ደግሞ በማለዳ እየዞረ የሚናገረው ናሆም ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን አይጮኽም፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ሲናገር ከጓሮ ያለው ሰው አጠገቤ ነው የቆመው ይላል። ሞት እያወራ እንኳ ሰው ይወደው ነበር። እሱ የጠራው ለቅሶ ላይ የሚቀር አልነበረም።

በእኛ ሰፈር ደግሞ የሞተ ሰው ስም ተቀምጦ አይሰማም። የናሆም ድምፅ ከመንገድ ሲመጣ የሚበላው እጁን ከትሪው ያነሳል፣ ካርታ የሚጫወተው ካርታውን ደፍቶ ብድግ ይላል፣ ሰካራም ሳይቀር ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ስሙ ተጠርቶ፣ የቀብሩ ሰዓት ተነግሮ፣ «ነፍስ ይማር» እስኪባል ድረስ ሁሉም ቆሞ ነው። ማንም አላስተማረንም። እናቶቻችን ብድግ ሲሉ አብረን ብድግ እያልን ነው ያደግነው። እቃችን ግማሹ ከፈረሰው ቤት ጋር ቢቀርም ይህ ልማድ አብሮን ወደ ፎቅ ወጣ።

እድሮች ይዋሃዱ የሚለው ትዕዛዝ ሲወጣ የእኛን «ጥሪ» የሚባል ድርጅት ጠቀለለው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሮ ተረከበ። ሲጨርስ ናሆምን ጠራውና አንድ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሲያስነብበው ሰነበተ። ተራ ቃላት ናቸው፤ የወራት ስም፣ የሰው ስም፣ የአትክልት ስም፣ መሄድ፣ መምጣት፣ መዝጋት፣ መክፈት። ናሆም ደስ ብሎት ነበር የሚመለሰው። ሻይ ይሰጡኛል፣ ጉሮሮዬን ይጠነቀቁልኛል ይለን ነበር። ከዚያ ወዲያ በማለዳ መዞሩ ቀረ። በየፎቁ ደረጃ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያነበባቸውን ቃላት እየገጣጠመ በእሱ ድምፅ ይናገራል፣ እሱ ደግሞ ከእኛ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይሰማል። መጀመሪያ ላይማ ያስቀን ነበር።

የሞተው ሐኪም ቤት ነው፤ ልቡ ነው አሉን። እኔና መክሊት ባዶ እጃችንን ስንመለስ ደረጃው መሃል ላይ ሳለን ማጉያው ተከፈተ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። አቶ ናሆም ይርዳው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይሆናል። ነፍስ ይማር።» በራሱ ድምፅ። ያ የምናውቀው፣ አጠገባችን የቆመ የሚመስለው ድምፅ። ሰው ሁሉ በየበሩ ብድግ ብሎ ወጣ። መክሊትም እንደ ማንኛውም ሰው ቀጥ ብላ ቆማ አዳመጠች። «ነፍስ ይማር» ሲል ጊዜ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ይህን እንኳ መክሊት ችላው ነበር። ጥሪ ግን ከቀብሩ በኋላ ድምፁን ሌላ ሥራ ሰጠው። ያው እንደምታውቁት ዛሬ ሕንፃውንም፣ ውኃውንም፣ በሩንም የሚያስተዳድረው ጥሪ ነው። ማለዳ ማለዳ ማጉያው ሲከፈት የለመደ ሰው ብድግ ይላል፣ ማን ሞተ ብሎ። ድምፁም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይልና የአንዱን ጎረቤት ስም ጠርቶ፣ ክፍያቸውን ስላላጠናቀቁ ውኃቸው ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል፣ ጎረቤት እንዳያውሳቸው ይላል። ጎረቤት እንዳያውሳቸው! ዕድሜውን ሙሉ ጎረቤትን ለጎረቤት ሲጠራ የኖረ ሰው!

ሰው መቼም የሚጠላው ድርጅት አይደለም፤ ድርጅት ፊት የለውም። የሚጠላው የሚሰማውን ነው። መክሊት ደረጃ ላይ ስታልፍ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ከላያችን ትኖር የነበረችው ትርሲት ውኃዋ ተዘግቶባት፣ ከዚያም በሯ ተቆልፎባት የታመመች እናቷን ይዛ ስትወጣ መክሊት በር ላይ ቆም አለች። ለሞተ ሰው አፈሩን ገለባ ያድርግለት ነው የሚባለው። ትርሲት ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ «አፈሩን ድንጋይ ያድርግበት» ብላ ወረደች። መክሊት ያን ቀን ነው የቆረጠችው። «ሰውዬዬን በሞተበት እያስረገሙት ነው፤ ዝም ላሰኘው ይገባኛል» አለችኝ።

መጀመሪያ ድርጅቱን ለመነች። በጣም ደግ መልስ ሰጧት። ሐዘንዎን እንጋራለን፣ የአቶ ናሆም ድምፅ በነዋሪዎች ዘንድ ከፍተኛ ተደማጭነት ስላለው ለመተካት አንቸገርም ማለት አንችልም፣ አሏት። ሦስቴ አነበብነው፤ እምቢ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወረዳ ሄደን በጩኸት የከሰስነው።

ጠበቃ ለምን አልያዛችሁም የሚለን ሰው አይጠፋም። በትንንሽ ጉዳዮች ችሎት ጠበቃ ክልክል ነው። ድሃው በጠበቃ እንዳይበለጥ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው አሉ። ጥሪም ጠበቃ የለውም፤ ያለው ወኪል ነው። ወኪሉ ሰው አይደለም፣ ሰው ስላልሆነ ጠበቃ አይባልም። እንዲህ እንዲህ እያልን እኩል ሆንን።

ከመቀበያው የወጣው መመሪያ ላይ በደማቁ የተጻፈ አንድ ነገር ነበር፦ ከሳሽ ውሳኔ እስኪያገኝ ከወንበሩ አይነሳም፤ ከተነሳ ክሱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ድሮ ሰው ወንበር ይዞ ስልክ ሊያወራ ይወጣል፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል፣ ሌላው ይጉላላል፤ በዚያ ምክንያት የመጣ ነው ይባላል። ወንበሩ ራሱ ያውቃል፣ ክብደትህ ሲለቀው ለዳኛው ይነግራል። ዳኛ ሲገባ መቆም ሕግ በነበረበት አገር አሁን የቆመ ተሸነፈ። ስንቱ ሽማግሌ ዳኛ መጣ ሲባል ከልማዱ ብድግ እያለ ጉዳዩን ገና በሰላምታ አጥቷል።

እኛ በዚህ እንዳንሸወድ ቤት ውስጥ ተለማመድን። እኔ ጋቢ ደርቤ ከጓዳ እወጣለሁ፣ ዳኛ ነኝ። መክሊት ብድግ ትላለች። «ተሸነፍሽ፣ ውጪ» እላታለሁ። እንደገና ገብቼ እወጣለሁ፣ ብድግ ትላለች። ናሆም ከሞተ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። በመጨረሻ ዘዴ አገኘች፤ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ መያዝ። እንኳን ለዳኛ ለጳጳስም አልነሳም አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን በጠዋት ሄድን። አዳራሹ ፀጉር ቤት ይመስላል፤ ወንበሮቹ በረድፍ፣ በየወንበሩ ፊት መስታወት የሚያህል ሰሌዳ። በሰሌዳው ግርጌ አንድ መብራት አለ፤ ነገሩ ወደ ከሳሽ ሲያደላ አረንጓዴ፣ ወደ ተከሳሽ ሲያደላ ቀይ ይሆናል። ሰው ያየው እንደሆነ ይረጋጋል ብለው ይሆናል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። አጃቢ ወንበር የለውም፣ መናገርም አይችልም። ከኋላዋ ቆምኩ። ከጎናችን ስለ በሩ ሊከስ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ የገዛ በሩ አላውቅህም ብሎት ልጁ ቤት እንደሚያድር ገና ሳንጠይቀው ነገረን።

ዳኛዋ ገባች ተባለ። የወጣት ሴት ድምፅ ብቻ ናት፣ ለስላሳ፤ በየሰሌዳው የሁሉንም ጉዳይ በአንድ ጊዜ ትሰማለች። መክሊት ጠርዙን ያዘች፣ አልተነሳችም። ዞር ብላ ጠቀሰችኝ።

ወኪሉ ቀድሞ ተናገረ። እናቴ እያለ ነው የሚጠራት፣ የሠለጠነ ልጅ አነጋገር አለው። ድምፁ ከእድሩ ንብረት ጋር በሕጋዊ ርክክብ መጥቷል፤ ሟቹ ቃላቱን ወደው ያነበቡ ናቸው፤ የፈረሙት ውልም ድርጅቱ በዚያ ድምፅ ሟቹ ሊናገሩ የሚችሉትን ሁሉ እንዲናገር ይፈቅዳል፣ አለ። መብራቱ ቀላ።

ዳኛዋ መክሊትን ምን ካሣ እንደምትጠይቅ ጠየቀቻት።

«ገንዘብ አልፈልግም» አለች መክሊት። «መልሱልኝም አላልኩም፤ የሞተ አይመለስም። ዝም አሰኙልኝ ነው የምለው። ናሆም ሰውን ለለቅሶ ሲጠራ ነው የኖረው። ለጎረቤት ውኃ አትስጡ ብሎ አያውቅም፣ አይልምም።»

ዳኛዋ በለሰለሰ ድምፅዋ፣ ሟቹ አይሉም ማለት አይችሉም ማለት አይደለም፣ ውሉ የሚለው የሚችሉትን ነው አለች። ውኃ፣ መዝጋት፣ ጎረቤት፣ ሁሉንም ቃላት በሕይወት ሳሉ አንብበዋል። መብራቱ ይብስ ቀላ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

መክሊት ግን «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ሰው የራሱን ሞት መለፈፍ ይችላል?»

ሰሌዳው ላይ የማሰብ ምልክት የሆነችው ክብ መሽከርከር ጀመረች። ከዚያ ዳኛዋ ጉዳዩን ጠቅለል አድርጋ ተናገረች፦ ማንም ሰው የገዛ ሞቱን ማወጅ አይችልም፤ ድምፁ ይህን ተናግሮ ከተገኘ ድርጅቱ ከውሉ ውጭ ሄዷል፤ ውል የጣሰ ደግሞ ድምፁን የመጠቀም መብቱን ያጣል። እንዲህ ያለ ማስረጃ አለ ወይ? አለ፤ ማጉያው የናሆምን ሞት ያወጀበትን ቅጂ ክሱን ስንመሠርት መክሊት ራሷ ናት አንደኛ ማስረጃ ብላ ያስመዘገበችው። ሌላ ማስረጃ የለንማ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ ቡቃያ አረንጓዴ። አሸነፍን አልኩ በልቤ። ትርሲትን የት አግኝቼ ልንገራት ብዬ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

«ማስረጃው ይሰማ» አለች ዳኛዋ። ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ስለሆነ ማስረጃ የሚሰማው በመላው አዳራሽ ነው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ ናሆም።

አጠገባችን የቆመ ነው የሚመስለው። የመክሊት እጆች ወንበሩን ሲጨብጡ፣ ጣቶቿ ሲነጡ አየሁ። ያዢ፣ እባክሽ ያዢ አልኩ በሆዴ፤ አጃቢ አይናገርም። በሩ የካደው ሽማግሌ ገና ከዚህችው ቃል ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለ። ከፊታችን ያሉት ሴትዮ ተነሱ። ከዳር እስከ ዳር በየረድፉ ፀጉሩ የሸበተው ሁሉ ተነሳ። የእኛ ሰፈር ሰዎች አይደሉም፤ ልማዱ ለካ የእኛ ብቻ አልነበረም። ወጣቶቹ ተቀምጠው ግራ በመጋባት ያዩን ነበር።

መክሊት ግን ይዛለች። «አቶ ናሆም ይርዳው» እስኪል ድረስ ይዛለች። ስሙ ሲጠራ እጆቿ ለቀቁ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብድግ አለች፣ ቀጥ ብላ፣ እንደዚያን ቀን። እጄ ከትከሻዋ አጠገብ ነበር፤ ልጫናት እችል ነበር። የናሆም ስም እየተጠራ ሚስቱን ቁጭ በይ ብዬ ልጫናት? አልሆነልኝም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ድምፁ ቀብሩን፣ ሰዓቱን እየተናገረ ሳለ ከሥሩ ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ የዳኛዋ፣ በየወንበሩ። «ከሳሽ ከወንበር ተነስተዋል። ጉዳዩ በከሳሽ ፈቃድ ተዘግቷል። ከሳሽ ከወንበር ተነስተዋል። ጉዳዩ በከሳሽ ፈቃድ ተዘግቷል።» እየሰማንም ከተነሳነው መልሶ የተቀመጠ የለም። «ነፍስ ይማር» እስኪባል ሁላችንም ቆመን ነበር። ከዚያ የተነሱት ሲቀመጡ ሰሌዳቸው ሁሉ ጠፍቷል። ሽማግሌው ባርኔጣውን ይዞ «ምንድን ነው የተደረገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? በርህን ለሞተው ባሏ ሰጠኸው ልበለው?

«እናቴ፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ» አላት ወኪሉ፣ ትሕትናው ሳይጓደል።

መውጫው ላይ ወረቀት ሰጡን። በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ መክሰስ የሚቻለው ዓመት ሲሞላ ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ። አውቶቡስ ውስጥ መክሊት በመስኮቱ ስታይ ቆይታ «ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢኖረኝ፣ በድምፅ አይሰማ፣ በጽሑፍ ይነበብልኝ በይ ይለኝ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህን የሚያህል ነገር በአንዲት ቃል ይድን ነበር። እኛ ደግሞ ለዳኛ አለመነሳትን ስንለማመድ ከርመን ለናሆም አለመነሳትን መች አሰብነው።

በማግስቱ ማለዳ ማጉያው ተከፈተ። ሕጉ የተዘጋ ክስ ለጎረቤት ይነገር ይላል። ናሆም በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ወይዘሮ መክሊት በጥሪ ላይ ያቀረቡትን የጩኸት ክስ በፈቃዳቸው ስለተዉ ድርጅቱ ምስጋናውን ያቀርባል አለ። ሚስቱን አመሰገናት። ቀጥሎ ውኃ የሚዘጋባቸውን ሰዎች ስም ጠራ።

ከዚያ ወዲህ መክሊት አዲስ ሥራ ያዘች። ወንበሯን በሩ ፊት ለፊት አድርጋ ትቀመጣለች፣ እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆሜ እለፍፋለሁ። የሌለ ሰው ስም ፈጥሬ ሞተ እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወንበሯ ትነሳ ነበር፤ ቆየችና ጠርዙን ይዛ መቅረት ጀመረች። እኔ በሐሰት ሰው መግደሉ እየቀፈፈኝ መጣ፤ እሷ ግን ቀጥዪ ትለኛለች። ቀጥዪ፣ ዓመቱ ሳያልፍ መልመድ አለብኝ ትላለች።

ባለፈው ብሌን አረፈች። ብሌን ማለት ናሆም ሲሞት ከሁሉ ቀድማ የደረሰች፣ የድንኳኑን ወጥ ብቻዋን የሠራች፣ መክሊትን አቅፋ ያደረች ሴት ናት። ማለዳ የናሆም ድምፅ ስሟን ጠራ። ሁላችንም በየበራችን ተነስተን ወጣን። የመክሊት በር ክፍት ነበር። ወንበሯ ላይ ናት፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። አልተነሳችም። እስከ «ነፍስ ይማር» ድረስ ተቀምጣ ሰማች።

ፎቁ ሙሉ አይቷታል። ለቅሶው ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። የብሌን እህት ሰላም እንኳ አላለቻትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ዓመት ሲሞላ ችሎት አለባት፣ ለባሏ ብላ ነው አልኳቸው። የሞተ ሰው ስም ተቀምጦ ለሰማ ሰው ምክንያት አይደረደርም አሉኝ። እኔም ብሆን በቦታቸው ያንኑ ነበር የምል።

ሰሞኑን ደረቴን ይወጋኛል። ሐኪም ቤት ሄጄ ያለኝን ሰምቻለሁ፤ ዓመቱን የምደፍን አይመስለኝም። ዛሬ ጠዋት ልምምዳችንን ሳንጀምር ገብቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«የእኔ ስም ሲጠራ ብድግ እንዳትዪ» አልኳት። «አልቀየምሽም።»

መክሊት ወንበሯን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ፣ ጥሪኝ» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ወጣሁና የራሴን ስም ጠራሁ።